የመጀመሪያው ደመወዝ በምን ይጀመር?

የጅሩ ሰው በሬ ማድለብ ያውቅበታል። የጅሩ ሰንጋ ሲባል ዝናው አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ ነው። በሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ በእነዋሪ፣ በአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ጓሮ በ2004 ዓ.ም ታስሮ ይቀለብ የነበረው ሰንጋ ግን ለዒድም ለሠርግም የታሰበ አልነበረም። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሥራ ግን አላገኘም። አንድ ደላላ «ገንዘቡን አምጡ እንጂ ልጁን እኔ አስገባዋለሁ» ብሏል። ሰንጋው ሊሸጥ የታሰበው ለዚህ ነበር።

የቤተሰቡን ታሪክ የሰማነው ከራሳቸው አንደበት ነው። ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን እንዳናወጣ አደራ ብለውናል። እኛም አደራቸውን ጠብቀናል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አንድን ወጣት ለማወደስ አይደለም። ዲግሪውን ይዞ የተቀመጠ ወንድም ወይም የተቀመጠች እህት በየቤታችን ስላሉ ነው። የእነዚያ ሰዎች ጥያቄም የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሥራ እንዴት ይገኛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ደመወዝ በምን ይጀመር?

ስምንት ወር በአዲስ አበባ

አባት በእነዋሪ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት ይሸጣሉ። እናት በርበሬ አዘጋጅተው ለገበያ ያቀርባሉ። አምስት ልጆች ያደጉት በዚህ ገቢ ነው። የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ይፈጃል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ለልጁ የተላከችው እያንዳንዷ ብር ከታናናሾቹ ጫማና ደብተር የተቀነሰች እንደነበረች እናቱ ነግረውናል። ልጁ ሲመረቅ ጋውን ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ ተለቆ ሱቁ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ «ኢንጂነሩ የት ገባ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ኢንጂነሩ የገባበት አልነበረም። ኮልፌ አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ ሥራ ይፈልጋል። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ ሲወጣ ከሰው ተውሶ የሥራ ማስታወቂያውን ያነባል። አብዛኛው ማስታወቂያ የሁለት ዓመት ወይም የአራት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። «0 ዓመት» የሚል አንድ ቦታ ሲገኝ ለምዝገባው የሚሰለፈው ሰው ብዛት የቅጥር መሥሪያ ቤቱን አጥር ይዞራል። «ሥራ ካልሰጡኝ ልምድ ከየት ይመጣል? ልምድ ካላመጣሁ ደግሞ ሥራ አይሰጡኝም። እንደ በሬ አንድ ቦታ ስዞር ከረምኩ» ይላል ያን ጊዜ ሲያስታውስ።

ስምንተኛው ወር ላይ አንድ ሰው ሁለት መንገድ አሳየው። አንደኛው ገንዘብ ከፍሎ በአንድ መሥሪያ ቤት መግባት ነው። ሁለተኛው ረከስ ይላል፤ ማኅተም ያረፈበት የሁለት ዓመት የሐሰት የሥራ ልምድ ወረቀት ይገዛል፣ በእሱ ይወዳደራል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው» አለው ሰውየው። ልጁ ወደ እነዋሪ ተመልሶ ነገሩን ለአባቱ ነገረ።

ነገሩ ከየት መጣ?

ወደ ቤተሰቡ ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን ተመራቂ መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ተመራቂው ጥቂት ነው፤ ምህንድስና የሚማርባቸው ቦታዎችም እንደ አምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወላጆቻችን «ተማር፣ ከተማርክ ሥራ ይመጣልሃል» ሲሉን የነገሩን ያን ያዩትን ዘመን ነው። አልዋሹንም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ምደባው ቀረ። በ1999 ዓ.ም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በየክልሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ። ከ2000 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ከመቶ ሰባ ያህሉ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የሚያዝ ፖሊሲ ወጣ። በር መከፈቱ መልካም ነው፤ የድሀ ልጅ መሐንዲስ ሆነ። ነገር ግን የተመራቂውና የሥራው ቁጥር እኩል አልሄደም። በ2004 ዓ.ም አካባቢ ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ተደራጅተው የኮብልስቶን ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያነጥፉ አገሩ ሁሉ ይነጋገርበት ነበር። አንዳንዱ አዘነ፣ ሌላው አሾፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ይገባናል። በእጅ ሥራ ማሾፍ ከሙስሊም አይጠበቅም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራውና ጥበብ የሚሸምነው ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። በቁርኣን ግን ብረት የተገራለት ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ነው፤ ጥሩር ሲሠራ ቀለበቶቹን በልክ እንዲያስተካክል ታዟል (34፡10-11)። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከቡን ሲሠራ በአጠገቡ ያለፉት ሁሉ ይሳለቁበት ነበር (11፡38)። መርከቡን ግን አልተወውም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስም ሰው ከሚበላው ሁሉ በእጁ ሠርቶ ያገኘው እንደሚበልጥ፣ ዳውድም ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

የዚያን ሌሊት ወሬ

አባት ነገሩን ሰምተው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ሰንጋውን እንሸጠዋለን» አሉ።

«አባባ፣ ይኼ ጉቦ ነው» አለ ልጁ።

«እኔ መች አጣሁት? ግን ሰው ሁሉ እንዲህ ሆኖ እየገባ አንተ ብቻ ደጅ ቀርተህ አላይህም። ከገባህ በኋላ ተውበት ትገባለህ። ሶደቃ ታወጣለህ።»

እናት እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም። ቡናውን እያቀረቡ ነበር። ሲኒውን አስቀምጠው ልጃቸውን «ስማኝ ልጄ» አሉት። «አምስት ዓመት የላክንልህ ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ ግን የምናፍርበት አንድ ሳንቲም አልነበረበትም። አሁን በዚህ ገብተህ የመጀመሪያ ደመወዝህን ብታመጣልኝ እንዴት አድርጌ ቢስሚላህ ብዬ እበላዋለሁ?»

በማግሥቱ አባትና ልጅ አንድ ሸህ ዘንድ ሄዱ። ሸሁ አባትን አልተቆጧቸውም። «ሐሳብህ የአባት ሐሳብ ነው» አሏቸው። ከዚያም ነገሩን ለይተው አስረዱ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም ተረግመዋል። የተረጋገጠ መብቱን የተከለከለ ሰው በደልን ከራሱ ለመከላከል ቢገደድ ኃጢአቱ በተቀባዩ ላይ ይሆናል ያሉ ዑለማዎች አሉ። ክፍት የሥራ ቦታ ግን ገና የማንም መብት አይደለም። «በዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ የሌላ ሰው ልጅ አለ። እሱም እናት አለችው። አንተ ስትከፍል የምትገዛው የእሱን ቦታ ነው» አሏቸው።

ስለ ሐሰቱ ወረቀት ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር። «ይህ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው፤ ከትላልቆቹ ወንጀሎች ይቆጠራል።» እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሐሰት ወረቀት በማንኛውም ሙያ ሐራም ነው፤ በምህንድስና ደግሞ ሰው ይገድላል። ሁለት ዓመት ኮንክሪት ሲሞላ አየሁ ያለ ሰው አንድም ቀን ሳያይ ድልድይ እንዲቆጣጠር ቢላክ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሕዝብ የማኅተሙን ሐሰትነት የሚያውቀው ድልድዩ ሲወድቅ ነው።

ከመድየን ውኃ ዳር

ሸሁ ልጁን ባዶ እጁን አልሸኙትም። ሱረቱል ቀሶስን ከ23ኛው እስከ 28ኛው አንቀጽ አስበው እንዲያነቡት ነገሩት። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽቶ መድየን የደረሰበት ታሪክ ነው። እኛም ሥራ ፈላጊ ሁሉ ቢያነበው ብለን እንመኛለን።

ሙሳ መድየን ሲደርስ ዘመድ የለውም፣ ስንቅ የለውም፣ የሚያውቀው ሰው የለም። በውኃው ዳር እረኞች ከብት ሲያጠጡ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ በጎቻቸውን ከልክለው ወዲያ ቆመው ያያል። ጠየቃቸው። አባታቸው ሽማግሌ ስለሆነ፣ እነሱም እረኞቹ ካልሄዱ ማጠጣት እንደማይችሉ ነገሩት። አጠጣላቸው። ከዚያ ወደ ጥላ ተመልሶ ጌታውን ለመነ፤ ከመልካም ነገር ለሚያወርድለት ሁሉ ችግረኛ መሆኑን ተናገረ። ከሁለቱ አንዷ በሐፍረት እየተራመደች መጥታ አባቷ የማጠጣቱን ዋጋ ሊከፍለው እንደሚጠራው ነገረችው። ልጅቱም አባቷን እንዲቀጥረው መከረች፤ ለሥራ ከሚቀጠር ሁሉ የሚሻለው ብርቱና ታማኝ የሆነው ነው አለች። አባትየውም ስምንት ዓመት ቢያገለግለው ከልጆቹ አንዷን ሊድርለት፣ አሥር ቢሞላ ግን ከራሱ በጎ ፈቃድ እንደሚሆን፣ ሊያስቸግረውም እንደማይሻ ገለጸለት። ሙሳ ተስማማ፤ አላህንም ምስክር አደረገ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ምን አለ?

አንደኛ፣ ሙሳ ሥራ ከመጠየቁ በፊት በአጠገቡ የነበረውን ችግር አየ፤ እጁንም ዘረጋ። ሁለተኛ፣ ዱዓውና ሥራው አልተለያዩም፤ አጠጥቶ ነው የለመነው። ሦስተኛ፣ ሽማግሌው የልጁን በጎነት አይቶ በነጻ ሊያሠራው አልፈለገም፤ ዋጋውን ሊከፍለው ጠራው። ስለዚህ ተመራቂን «ልምድ ታገኛለህ» እያሉ ዓመት ሙሉ በነጻ ማሠራት የነቢያት መንገድ አይደለም። አራተኛ፣ የቅጥር መለኪያው ሁለት ነው፤ ብርታትና ታማኝነት። ሙያውን የማያውቅ ታማኝ ሰው ሥራ ያበላሻል። ሙያውን የሚያውቅ ከዳተኛ ደግሞ ሲሚንቶ ይሰርቃል። አምስተኛ፣ ውሉ ግልጽ ነበር። ዘመኑ ተቆርጧል፣ ግዴታውና ፈቃዱ ተለይቷል፣ ምስክር ተቆጥሯል።

መንገዱ ወደ ጅሩ ሲመጣ

ልጁ ወደ ኮልፌ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ አንድ ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ2003 ዓ.ም የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታለመ ነበር፤ በአምስት ዓመት ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይሠራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ሥራውን የያዙት ትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ አልነበሩም። ተመራቂዎች እየተደራጁ አነስተኛ ተቋራጮች ሆነው፣ ሌሎችም በአማካሪነትና በተቆጣጣሪነት ተሰማርተው ይሠሩ ነበር።

በወረዳው ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ መንገድ ይሠራ ነበር። ልጁ ማስረጃውን በፌስታል ይዞ በእግሩ ሄደ። የሥራው ፎርማን በዕድሜ የገፉ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ክርስቲያን ነበሩ። «መሐንዲስ ሞልቶናል። የቀን ሠራተኛ ስም የሚመዘግብልኝ ግን አጣሁ» አሉት። ዲግሪ ለያዘ ሰው ይህ ውርደት ይመስላል። እሱ ግን «እሺ ጋሼ፣ እመዘግባለሁ» አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራው ስም መጻፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀያሹ ረዳት ሲያጣ የመለኪያውን ዘንግ ያዘለት። በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ቦታ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ሊቀበር ጉድጓድ ተቆፍሮ አየ። ቦታው አሳሰበው።

እዚህ ላይ ስለ እነዋሪ አፈር ጥቂት እንበል። የእነዋሪ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ውኃውን አያሳልፍም። በጋ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ አፈር ለመንገድ መሐንዲስ ፈተና ነው፤ በላዩ የተሠራ መንገድ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወይ ተነሥቶ በሌላ አፈር ይተካል፣ ወይ መንገዱ ከፍ ተደርጎ ውኃው ሳይተኛ ፈጥኖ እንዲወርድ ይደረጋል። የአገሩ ገበሬ ይህን ከመሐንዲሱ ቀድሞ ያውቀዋል። በእነዋሪ ሜዳ ቤተሰቡ፣ ሴቱም ልጁም ሳይቀር፣ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። እህሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፤ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የዋልካ አፈር የጋራ ምርምር ፕሮጀክት ከመረጣቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው እነዋሪ ነበር። በምርምሩ የተሳተፉት ባለሙያዎች ከውጭ ትራክተር አላመጡም። ገበሬው የሚያውቀውን ማረሻ ወስደው ሁለቱን አጣመሩና በጥንድ በሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። ወደ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብና በመካከሉ ቦይ ያወጣል። በእጅ ቀኑን ሙሉ ወገብ የሚሰብረውን ሥራ በበሬ ጉልበት ያቀለለ ነው። ምህንድስና ማለት ይህም ነው።

ልጁ በዚህ ሜዳ ያደገ ነው። ቱቦው በተቆፈረበት ቦታ ቢቀበር ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ገባው፤ በታች ባለው የገበሬ ማሳ ላይ ይተኛል። ወደ ፎርማኑ ሄዶ በትሕትና ነገራቸው። እሳቸውም ቀያሹን ጠርተው እንደገና አስለኩ። ልኬቱ የልጁን ቃል አረጋገጠ። ቱቦው ጥቂት ሜትር ተዛውሮ ተቀበረ፤ መውጫውም ወደ ተፈጥሮ ቦዩ ዞረ።

«የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ጋሼ ጠሩኝ» ይላል። «‹አንተ ልጅ፣ ለምን መሐንዲስ ነኝ ብለህ አልተሟገትከኝም?› አሉኝ። ‹ጋሼ፣ የጠየቁኝ ስም መዝጋቢ ነበር› አልኳቸው።» በወሩ መጨረሻ በረዳት ሳይት መሐንዲስነት የስድስት ወር ውል ፈረመ። ዓርብ ዓርብ ፎርማኑ ራሳቸው «ተነሥ፣ ጁምዓህ እንዳያልፍህ» እያሉ ይልኩት እንደነበር ዛሬም ሲያነሳ ፊቱ ይበራል። የሸዋ ሙስሊምና ክርስቲያን እንዲህ ሆኖ ነው አብሮ የኖረው።

ሰንጋውስ? አባት በመጨረሻ ሸጡት። ከሽያጩ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዙለት፤ ልጁ አውቶካድ ማታ ማታ የተለማመደው በእሱ ነው። በቀረው ገንዘብ ሌላ ወይፈን ገዝተው አሰሩ።

ለዛሬ ተመራቂዎች

የዛሬው ዘመን ከ2004 ዓ.ም ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የብዙ ቤተሰብን ኑሮና የብዙ ወጣትን ሥራ አናግቷል። አላህ ለአገራችን ሰላሙን ይመልስልን። ቢሆንም ሰበብ ማድረስ ከእኛ ይጠበቃል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ወፎች በተወኩል ምሳሌ ሆነው ሲጠቀሱ ጎጇቸው ተቀምጠው አይደለም፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ወጥተው ነው ማታ ጠግበው የሚመለሱት። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

የተግባር ልምምድህን አታቃልለው። በትምህርት ጊዜ ለአንድ ሴሚስተር የምትላክበት ድርጅት የመጀመሪያ ምስክርህ ነው። ሰዓት አክብር፣ የሠራኸውን በየቀኑ መዝግብ፣ ስትወጣም የምስክር ደብዳቤ ጠይቅ። ይህ ደብዳቤ እውነተኛ ልምድ ነው።

ስለ ራስህ እውነቱን ተናገር፣ አትፈር። ብዙ ሙስሊም ወጣት በቃለ መጠይቅ ላይ ችሎታውን መናገር ትዕቢት ይመስለዋል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ግን በንጉሡ ፊት የአገሩን ግምጃ ቤት እንዲሾምበት ሲጠይቅ ጠባቂና ዐዋቂ መሆኑን በአንደበቱ ተናግሯል (12፡55)። የተናገረው እውነት ነበር። አንተም የምታውቀውን «አውቃለሁ»፣ የማታውቀውን «አላውቅም፣ እማራለሁ» በል።

ዓይንህን ከአዲስ አበባ ላይ ብቻ አትትከል። ደብረ ብርሃን ለረጅም ዘመን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ቆሻሻ ውኃ የሚያጣራ ሰው ይፈልጋል። የወረዳ ውኃና መንገድ ጽሕፈት ቤቶች፣ አነስተኛ ተቋራጮች፣ በየከተማው ቤት የሚያሠሩ ነጋዴዎች ሁሉ በር ናቸው። በሩን ግን ከቤት ወጥተህ ማንኳኳት አለብህ።

መብትህን እወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከስድሳ የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሠራተኛ ሲጠይቅ ወይም ሥራውን ሲለቅ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው መስጠት አለበት። አንተ ስትጠይቅ የሚሰጥህ እውነተኛ ወረቀት እያለ የሐሰቱን ምን አመጣው?

ለእህቶች

ምህንድስና ተምረው ሒጃብ በመልበሳቸው ወይም ሴት በመሆናቸው «ሳይት አትችሉም» የተባሉ እህቶች አሉ። ዲዛይን፣ የግንባታ ዋጋ ትመና፣ የላቦራቶሪ ምርመራና ቁጥጥር ሁሉ የምህንድስና ሥራ ነው፤ ሳይትም ቢሆን የምትችል ትችላለች። ቤተሰብም ልጁን አስተምሮ ከዚያ በኋላ በሩን ሊዘጋባት አይገባም። ይልቅ የሥራው ቦታ፣ የመጓጓዣውና የማደሪያው ሁኔታ ለዲኗና ለክብሯ የሚመች እንዲሆን አብሮ ይምከር፣ አብሮ ይፈልግ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸው የመካን ሰዎች በግ በደመወዝ ጠብቀዋል፤ በኋላም የነገዱት ለእናታችን ለኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነው። አሠሪዋ ሴት ነበረች። የመረጠቻቸውም ታማኝነታቸውን ሰምታ ነው።

ለወላጆች

ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ሥራ ያጣ ልጅ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ቤቱ መሸሸጊያው ይሁን። በሱቅ፣ በእርሻ ወይም በሌላ ሥራ ለጊዜው ቢሰማራ «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» አትበሉት። ከሁሉም በላይ ግን ከፍቅር የተነሣ እንኳ ወደ ሐራም አትግፉት። ያቺ እናት ሲኒዋን አስቀምጣ የተናገረችው ቃል ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

በጅዳ ያለው ድንኳን

ለሐጅ የሄደ ሰው የጅዳን አውሮፕላን ማረፊያ የሐጃጆች ተርሚናል ያስታውሳል። ጣሪያው የድንኳን ቅርጽ አለው፤ 210 ድንኳኖች ተያይዘው በነፋስና በጥላ ያቀዘቅዙታል። ከሠሩት መሐንዲሶች ዋናው ፈዝሉር ረሕማን ኻን የተባለ ሙስሊም ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ዳካ ተወለደ፤ በ1952 ለትምህርት አሜሪካ ሄደ፤ በቺካጎ በዘመኑ ከዓለም ረጅሙ የነበረውን ባለ 110 ፎቅ ሕንፃ ውቅር የነደፈውም እሱ ነው። ወደ ሐጃጆቹ ጣሪያ ሲመጣ ግን ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አልጀመረም። የበረሃው ሰው ከጥንት ጀምሮ ከሚያውቀው ድንኳን ጀመረ። የእነዋሪውም መደብ ማውጫ የተጀመረው ገበሬው ከሚያውቀው ማረሻ ነው። ውድ ተመራቂዎች፣ ያደጋችሁበት መንደር ችግርና ያደጋችሁበት ሰው ዕውቀት ከዲግሪያችሁ ጋር ተጨማሪ ማስረጃችሁ ነው። አትጣሉት።

የእነዋሪው ልጅ ዛሬ የራሱ ልጆች አሉት። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ቀን ወደ ቤቱ ሄዶ ገንዘቡን ሳይቆጥር በእናቱ እጅ እንዳኖረው ነግሮናል። እናቱም ከዚያች ገንዘብ ስንዴ ገዝተው ዳቦ ጋገሩ። ለጎረቤት አከፋፈሉ፤ ለፎርማኑም አንድ ሙልሙል ላኩላቸው። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ።

ያ አላህ፣ ሐላል ሲሳይን ለወጣቶቻችን አግራላቸው፤ በእጃቸው የሚሠሩትንም ለሕዝብ የሚጠቅም አድርገው። አሚን።